ሴት ልጆቻችንና የሕክምና መሣሪያ ዕውቀት



በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ የአንድ ነጋዴ ወፍጮ ቢበላሽ ባለቤቱ ሳይውል ሳያድር መካኒክ ያስጠራል፤ ወፍጮው ሲቆም ገቢውም እንደሚቆም ያውቃልና። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚሞቅበት መሣሪያ ሲበላሽ ግን የሚቆመው ገቢ ሳይሆን ሕይወት ነው። የ16 ታዳጊ አገሮችን የሆስፒታል መዝገብ መርምሮ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከሕክምና መሣሪያዎች ከመቶ 38 ያህሉ ከአገልግሎት ውጭ ሆነው መገኘታቸውን ገልጧል። ከምክንያቶቹም አንዱ የሠለጠነ ባለሙያ ማነስ ነው።

ይህን ሙያ የሚያስተምረው የባዮሜዲካል ምህንድስና በአዲስ አበባና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ደጁ ተከፍቶ ሳለ ሴት ልጆቻችንን ከመንገድ የምናስቀር ግን እኛው ነን። በነጋዴ ጸሐፊነት ሥራዬ እንደማየው፣ አባት ወንድ ልጁን ገና በልጅነቱ ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ጋራዥ ይዞ ይሄዳል፤ ሴት ልጁን ግን ገንዘብ ከመቁጠርና ደብተር ከመያዝ አያሳልፋትም። ሞተር ሲፈታ አይታ የማታውቅ ልጅ ምህንድስናን ትመርጥ ዘንድ እንዴት ይጠበቃል?

ሳይንስ ለሴት አይሆንም የሚል ቢኖር፣ ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው የዕፅዋት በሽታ ሊቅ የሆኑት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በ2014 እ.ኤ.አ. ሎሬያልና ዩኔስኮ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ሽልማት መቀበላቸውን ያስታውስ።

ስለዚህ ሁለት ነገር በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ወፍጮ፣ ጋራዥና የኤሌክትሪክ ሱቅ ያላችሁ አባሎች በክረምት ዕረፍት የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎችን ለልምምድ ተቀበሉ። ሁለተኛ፣ ምክር ቤታችን ለዚህ ትምህርት ለሚመደቡ የምዕራብ ሸዋ ልጃገረዶች የመጽሐፍና የመጓጓዣ ድጎማ ይመድብ። የነጋዴ ጥበቡ ትርፍ የሚገኝበትን አስቀድሞ ማየት ነው፤ ነገ የሆስፒታላችንን መሣሪያ የምትጠግነው ልጅ ዛሬ ከሱቃችን ባንኮኒ ኋላ ቆማለች።