የጭቃ ቤት ስንጥቅ በሲሚንቶ አይድንም

ከተሞቻችን በብሎኬትና በኮንክሪት ቢያድጉም ብዙ ኢትዮጵያውያን ዛሬም የሚኖሩት በእንጨትና ጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ቶሎ የሚታሰበው በሲሚንቶ መለሰን ነው፤ እንጨቱ ግን የሚታወሰው ምስጥ ከጨረሰው በኋላ ነው። ስንጥቅ መድፈንና እንጨት መጠበቅ የማይነጣጠሉ ሥራዎች ናቸው፤ ለያይተን መሥራታችን ቤቶቻችንን ያለ ዕድሜያቸው እያፈረሰ ነው።

ብዙ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ዋነኛ የቤት እንጨት ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለጋ ሳለ ተቆርጦ ሳይደርቅ ይተከላል። እርጥብ ቋሚና ማገር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ከጭቃው ተላቆም ለውሃ በር ይከፍታል። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ደግሞ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አያድግም። ስለዚህ ወሳኙ ነገር የገባው ውሃ መልሶ መውጣቱ ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግትሩ ሲሚንቶ አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባውንም ውሃ አፍኖ ያስቀራል። በአሜሪካ የግንድ ቤቶችም የታየው ይኸው ነው። በግንዶቹ መካከል ያለው ክፍተት ቀድሞ በሸክላ አፈር፣ በጭድና በኖራ ይደፈን ነበር፤ በጠንካራ ሲሚንቶ ሲተካ ግን ውሃ ከኋላው እየታቆረ ግንዶችን አበስብሷል።

ሲሚንቶ ጠንካራ ነው የሚለው ክርክር ለድንጋይና ለብሎኬት እውነት ነው፤ ለሚንቀሳቀስ ግድግዳ ግን ጥንካሬው ራሱ ጉዳት ነው። በየጊዜው መመረግ ያደክማል የሚሉም አልተሳሳቱም፤ ሸክሙም የሚበረታው አቅም በሌለው ቤተሰብ ላይ ነው። ድካሙን የሚቀንሰው ግን ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍና በጭቃው ላይ የሚቀባ ኖራ ነው። እንጨቱን ከምስጥ ለመጠበቅ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ነው ለሚሉም መልስ አለ፤ ዘይቱ ከባድ ብረቶችና ካንሰር አምጪ ውህዶች አሉበት፣ ሕፃናት በሚተኙበት ቤት ግድግዳ ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም። በምትኩ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ የተባሉት ውህዶች በውሃ ሟምተው ወደ እንጨቱ በመዝለቅ ምስጥንና ፈንገስን ይከላከላሉ። ዝናብ ግን ያጥባቸዋል፤ አፈር ውስጥ ለሚቀበር እግርም አይበቁም። መድኃኒቱ የሚሠራው ግድግዳውና ጣሪያው ውሃን ሲመልሱለት ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ እንጨቱ ይላጥ፣ ይድረቅ፣ ይታከም፤ ከዚያ በኋላ በጭድ በደንብ በቦካ ጭቃ ይመረግ፣ ሲደርቅ የታየው ስንጥቅ በዚያው ጭቃ ይደፈን፣ በመጨረሻም ኖራ ይቀባ። የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ይህን ከብሎኬት ሥራ እኩል ሊያስተምሩት፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱ አስተዳደሮችና በጎ ፈቃደኞችም ከሲሚንቶ ከረጢት በፊት የእንጨቱን ደኅንነት ሊመረምሩ ይገባል።