የጭቃው ታንክ

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ልጆቻችንን አስከትለን በመቀሌ ወደሚገኘው የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ወጣን። በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ምንጩ ተይዞበት ምሽጉን የለቀቀው በዚህ ሥፍራ ነው። ልጆቹ ግን የሚያውቁት ጦርነት ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረውን ነውና፥ ከጭቃ ታንክ ሠሩ። አልተቈጣናቸውም፤ ውኃ ጨምረን ጭቃውን አለዘብንላቸው። አፈሙዙ ለሁለት ተከፍሎ ቀንድ፥ ማማው ሻኛ ሆነና ታንኩ በሬ ወጣው። እቤት ከደረቀ በኋላ በከሰል አጠቈሩት፤ ግንባሩንም በኖራ ቦቃ አደረጉት። ታናሹ፥ «ብቻውን እንዴት ያርሳል?» ቢል ለሁለተኛው በሬ ጭቃ ተቦካ።

ወላጆች ሆይ፥ የልጅን መጫወቻ ከመስበር መለወጥ ይሻላል። ኢሳይያስ የተነበየው ሰላም ከየቤታችን ይጀምር ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን።