መሬት ላራሹ፤ ማኅተሙስ ለማን?

የ1966ቱ አብዮት በተነሣ ቁጥር ሁለት ጎራ ይለያል። አንዱ «ያ ጉድ ባይመጣብን ኖሮ የት በደረስን!» ይላል። ሌላው «ጭሰኛውን ሰው አደረገው» ብሎ ይምላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ፈረሰው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የተገነባው ነው።

የተገነባው ቀበሌ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኛውን ከባለርስቱ አላቀቀ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚክደው ካለ ታሪክ አያውቅም። ነገር ግን ያው አዋጅ ገበሬው መሬቱን እንዳይሸጥ፣ እንዳያከራይ፣ በዕዳ እንዳያስይዝ ከለከለ፤ ቢያንስ በ20 ጋሻ መሬት ላይ የሚቋቋም የገበሬ ማኅበርም አመጣ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ ተወለደ።

የንጉሡ መንግሥት ገበሬውን የሚያገኘው በመልከኛውና በጭቃ ሹሙ በኩል ነበር። ደርግ መሃል ያለውን ሰው አንሥቶ ራሱ ደጃፍ ላይ ቆመ። ስኳር በቀበሌ፣ መታወቂያ በቀበሌ፣ የውትድርና ምልመላ በቀበሌ፤ በቀይ ሽብር ዘመን እስሩና ግድያው ሳይቀር በቀበሌ!

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሌክሲስ ደ ቶክቪልም የፈረንሳይን አብዮት መርምሮ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ዙፋኑ ወደቀ፣ ማዕከላዊው አስተዳደር ግን በረታ።

በ1983 ደርግም ወደቀ። ቀበሌስ? የት ይሄዳል! አዲሶቹ ገዢዎች ተረከቡት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። ጉልቻው ተቀያየረ፤ ድስቱ ያው ነው።

«ታዲያ ያለ ቀበሌ ክትባቱ፣ ትምህርቱ እንዴት ገበሬው ዘንድ ይደርሳል?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። እኔም መንግሥት ይፍረስ አላልኩም። የምጠይቀው፣ ገበሬው ሊቀመንበሩን ያለ ፍርሃት መርጦ፣ ሳይፈራ ማውረድ ይችላል ወይ ነው። መሬቱ ሲወሰድበትስ ከወሳጁ ሌላ አቤት የሚልበት ደጅ አለው? እነዚህ ካልተመለሱ «መሬት ላራሹ» ያልነው ባለርስቱን ለመቀየር ብቻ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ «ሥርዓቱ ይለወጥ» የምትሉ ሁሉ፣ ከቤተ መንግሥት ማንን እንደምታወርዱ መንገሩን ተዉት። የቀበሌውን ማኅተም ምን እንደምታደርጉት ንገሩን።