ሣጥን ውስጥ የተቀበረ ዜማ

አንድ ወዳጄ ከድጓ የገለበጠውን መሥመር ከነምልክቱ በስልክ ላከልኝ። ንባቡ ደረሰ። የዜማ ምልክቶቹ ግን እኔ ስልክ ላይ ሲደርሱ ባዶ ሣጥኖች ሆነው ተደረደሩ። ወዳጄ የላከው ዜማ ነበር፤ እኔ የተቀበልኩት ቃሉን ብቻ ነው። ይህን ለሰው ባጫወትኩ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ “ፈረንጅ ኮምፒዩተሩን ሲሠራ እኛን ረስቶን ነው!”

ሐሰት ነው። ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት ይዘትን፣ ደረትን፣ ርክርክን፣ ድፋትን፣ ቅናትን፣ ጭረትን፣ ሂደትንና ቁርጥን ጨምሮ አሥር የዜማ ምልክቶቻችንን የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የኢራን ሙዚቀኞች ድምፅን በሩብ ቶን ገደማ ዝቅና ከፍ የሚያደርጉባቸው ኮሮንና ሶሪ ተራ የደረሳቸው በ2021 ነው። እኛ በ16 ዓመት ቀድመናቸዋል! እንግዲህ የተረሳን አይደለንም፤ የተሰጠንን የረሳን ነን።

እርግጥ ነው፣ ምዝገባው ችግሩን ሁሉ አልፈታም። በብራና ላይ ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ይጻፋል፤ በኮምፒዩተር ግን ራሱን እንደቻለ ፊደል ከጎን ይሰለፋል። ወደ ላይ ለማውጣት የገጽ አቀናባሪው ብልሃት ያስፈልጋል። ለመሆኑ ይህን ብልሃት ከማን እንጠብቃለን? ፎንት የሚሠሩ ልጆቻችን ለማስታወቂያ የሚያምር ሀሁ ይቀርጻሉ፤ አሥሩን ምልክቶች የሚጨምሩት ስንቶቹ ናቸው? ገጹን ፎቶ አንሥቶ የሚገላገለው አሳታሚስ? ፎቶ ይታያል እንጂ አይታረምም። አንድ ድፋት ያለቦታው ብትገባ ተማሪው ከነስሕተቱ ይዟት ይኖራል።

“በዶ ሬ ሚ ጻፉትና ተገላገሉ” የሚሉም አሉ። መገላገል ከሆነ ዓላማው፣ መጣሉም ያገላግላል! የእኛ ምልክት የአንዲት ነጠላ ድምፅ ስም አይደለም፤ ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወርድ የሚናገር ነው። ለፒያኖ ቁልፍ በተሰፋ ልብስ ርክርክን እናልብስ ብንል ወይ ይጠበዋል ወይ ይቀደዳል።

ሥራው ከአቅም በላይ አይደለም። ፎንት ሠሪው አሥር ቅርጽ ይጨምር። አሳታሚው ፎቶው ብቻ ሳይሆን የተተየበውም ጽሑፍ ይቅረብልኝ ይበል። ሁለቱም ሥራቸውን ለመሪጌታ አሳይተው ያሳርሙ። ይህን ሳናደርግ ፈረንጅን ብንወቅስ ማን ይሰማናል? ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።