ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ እንቅልፍ እምቢ አለው። ጓደኛው በስልክ ቪዲዮ አሳይቶት ኖሯል። «እማማ፣ በ2021 ትልቅ ድንጋይ ከሰማይ ወርዶ ይጨርሰናል አሉ» አለኝ። ግንባሩን ዳሰስኩት፤ ትኩሳት የለውም። ልቡ ግን ድው ድው ይላል።

«ዝም ብለህ ተኛ» ማለት ይቀለኝ ነበር። ግን ድንጋዩ እውነት ነው። አፖፊስ ይባላል፤ ስፋቱ ከ300 ሜትር ይበልጣል። ዓርብ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ ከምድር 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። አይነካንም፤ ናሳ በ2013 ዓ.ም. ቢያንስ ለ100 ዓመት እንደማይመታን አስታውቋል።

«ሳይሄዱ በምን አወቁ?» አለኝ። የእጁን አንጓ ያዝኩ። «የልብህን ምት ለማወቅ ደረትህን አልከፈትኩም። ጣቴና ሰዓቴ ይበቁኛል።»

ቴሌስኮፕም እንዲሁ ነው። ድንጋዩ በቴሌስኮፕ ሲታይ ነጥብ ብቻ ነው። ሞላላ ስለሆነ ግን ሰፊ ጎኑ ሲዞር ይደምቃል፣ ጠባቡ ሲዞር ይደበዝዛል። ድምቀቱን በየደቂቃው ሲመዘግቡት፣ አልጋ ግርጌ እንሰቅለው እንደነበረው የትኩሳት ሰንጠረዥ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ አዟዟሩ ይታወቃል። ይህም ለመንገዱ ይጠቅማል፦ ፀሐይ ያሞቀችው ድንጋይ እየዞረ ሙቀቱን ሲመልስ፣ ያው ሙቀት በጣም በቀስታ ይገፋዋል። በብዙ ዓመት መንገዱ ፈቀቅ ይላል።

ጀማሪ ነርስ ሳለሁ የአንድ አዛውንት ምት 15 ሰከንድ ቆጥሬ በአራት አባዛሁ። ኃላፊዬ ሲስተር አዩና ሙሉ ደቂቃ አስቆጠሩኝ። ምቱ የሚዘል ነበር፤ በ15 ሰከንድ አምልጦኛል። አፖፊስም እንደዚያ ነው። ድምቀቱ በ30 ሰዓት ገደማ ነው የሚመላለሰው፤ ይህን የሚያህል ሌሊት የለም። ደግሞም እየተንገዳገደ ነው የሚዞረው። ባለሙያዎች ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተከታትለው ነው ያወቁት። እንዲህ ያለው ሥራ አንዱ አገር ሲነጋ ሌላው እንደ ተረኛ ነርስ ቢረከብ ይሻላል።

ከፒያሳ ወደ ሰሜን ቀና ስንል በሚታየን እንጦጦ ላይም ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ከክረምቱ ደመናና ከከተማችን መብራት ጋር ይታገላሉ እንጂ ተራውን መቀበል የሚችሉ ናቸው።

ልጁ ረጋ አለ። «አሁን እኔ ልቁጠር» ብሎ እጄን ያዘ። ሰዓቱን እያየ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረ። «እማማ፣ እዚህ ጋ ይዘላል» አለኝ።

ሳቅኩ። ከዚያ ራሴ ቆጠርኩ። እውነቱን ነው።

ስንቱን «ቶሎ ታዩ» ስል የኖርኩ ሴት፣ ድካሙን በአራዳ ዳገት ሳሳብብ ከርሜያለሁ። ሰኞ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ መድኃኒት ጀምሬያለሁ።

አያቶች፣ ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ ምታችሁን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ የሚዘል ወይም የተዛባ ከመሰላችሁ ታዩ። ወላጆች፣ ልጅ ሲፈራ አትሳቁበት፤ የፈራውን አብራችሁት ለኩ።

ያ ዓርብ የፋሲካ ሳምንት ነው። ሰማዩ ከጠራ ድንጋዩ ከአፍሪካ ያለ መሣሪያ በዓይን ይታያል ተብሎ ይጠበቃል። ከልጅ ልጄ ጋር ቀጠሮ ይዘናል፤ እግዜር ዕድሜ ይስጠን እንጂ እኔም እንዳልቀር መድኃኒቴን አልረሳም።