በመከራ ቀን የሚጸና እምነት



ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ጸልየን ነበር፤ ታዲያ አባቴ ለምን ከሥራ ወጣ? አያቴ ለምን ሞተች?» ይሉናል። እኛም ቶሎ ብለን «አይዞህ፣ ጸልይ፣ ሁሉም ይስተካከላል» እንላለን። በእኔ አስተያየት ይህ መልስ አይበቃም።

ሙያዬ ሂሳብ ነው። በሂሳብ መዝገብ ላይ የከፈለ ሰው የከፈለበትን ያገኛል። እምነትን እንዲህ አድርገን ካስተማርናቸው ግን፣ ልጆቹ የለመኑትን ያጡ ቀን እግዚአብሔር ውል ያፈረሰ ይመስላቸዋል።

የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ንጉሡ እሳት ውስጥ ጣላቸው፣ መልአኩ አዳናቸው ብለን እንጨርሳለን። ወደ እሳቱ ከመጣላቸው በፊት ግን ለንጉሡ ምን መለሱለት? አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነን እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉት። እኔ ልጆቻችን እንዲይዙልኝ የምፈልገው ይቺን «ባያድነን እንኳ» የምትለዋን ነው።

በአገራችን ከእሳቱ ሳይወጡ የቀሩ አሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቢመቻችላቸውም፣ ምእመናኑን ጥለው መሄድን አልወደዱም። ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። አጽማቸው በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ባላቸውን ካጡ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ታስረው ብዙ ተሰቃይተዋል፤ እምነታቸውን ግን ይዘው ወጡ። እነዚህ ሰዎች ጸሎታቸው ስላልሠራ አይደለም መከራ ያገኛቸው። መከራው እያለም አልለቀቁም።

ልጆች፣ እዚህ አገር በእምነታችሁ ማንም አያስራችሁም። የእናንተ ፈተና ሌላ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ «ጾም ነው» ስትሉ የሚስቅባችሁ ይኖራል። እናትና አባታችሁ ሁለት ሥራ እየሠሩ፣ ደክሟቸው ሲገቡ ታያላችሁ። የመኖሪያ ወረቀት ለዓመታት የሚጠብቅ ቤተሰብም በመካከላችን አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ እግዚአብሔርን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ኢዮብም ጠይቋል። ጠይቁ፤ ግን እየጠየቃችሁም ጸሎታችሁን አትተዉ።

ወላጆች፣ ልጆቹ እንዳይጨነቁ ብለን ችግራችንን እንደብቃለን። እነሱ ግን ማታ ኩሽና ውስጥ በሹክሹክታ የምናወራውን ይሰማሉ። በተቸገርን ጊዜ ስንጸልይ ካላዩን፣ እምነት የእሁድ ልብስ ብቻ ይመስላቸዋል። ዝርዝሩን ሁሉ ንገሯቸው አልልም። «አሁን ከብዶናል፣ አብረን እንጸልይ» ማለት ይበቃል።

ለዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ልጆች፣ እናታችሁን ወይም አባታችሁን፣ ከተቻለም አያታችሁን በስልክ፣ «በጣም የተቸገራችሁበት ጊዜ መቼ ነበር? እንዴትስ አለፋችሁት?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁ። መልሱን በአምስት መስመር ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ትምህርት አምጡልኝ። ወላጆችም የተሳካላችሁን ብቻ ሳይሆን፣ ጸልያችሁ ሳይሆን የቀረውንም ንገሯቸው።

ቸር ሰንብቱ።