ነዳጅ ረከሰ ሲባል ኪራዩ ስለ ምን ይወደዳል?

በ2017 ዓ.ም. የጥር ወር በባተ ሰሞን በቤታችን ውስጥ አንድ ክስ ተነሣ። ከሳሽ ሆነው የቀረቡት ከእኛ ጋር የሚኖሩት አክስቴ ሲሆኑ፥ ተከሳሹ ማኅበርተኞቻቸውን ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያደርስ አንድ የሚኒባስ ባለቤት ነበር። እኔም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሌላውን ሰው ክስ ስጽፍ የኖርሁ ስለ ሆንሁ፥ ይህን ነገር ሰምቼ እንድፈርድላቸው ፈለጉ። ጸሐፊ ዳኛ አይደለም ብል ማን ይሰማኛል!

የክሱም ፍሬ ነገር እንደሚከተለው ነው። አክስቴ ዐሥራ ሁለት ሴቶች ላሉበት ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ከማኅበርተኞቹ የሚበዙት ዕድሜያቸው የገፋ ስለ ሆነ በአውቶቡስ ተጋፍተው ለመሄድ አቅም የላቸውም። በነሐሴ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ለበዓሉ ሲሄዱ ይኸው ሰው ደርሶ መልስ በ4,000 ብር ወስዷቸው ነበር። ለጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በዓል በጠየቁት ጊዜ ግን 7,000 ብር አለ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው 5,500 ብር ብቻ ነው። ገንዘቡ ካልሞላ ከሴቶቹ መካከል የሚቀሩ ይኖራሉ፤ ቀሪዎቹም እነማን እንደሚሆኑ፥ ማለት ድኾቹ እንደሚሆኑ፥ አክስቴ አስቀድመው ዐውቀውታል።

«ልጄ፥ በዓለም ላይ ነዳጅ ከያኔው ረክሷል ሲሉ በራዲዮን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ ይህ ሰው በረከሰ ነገር ላይ ስለ ምን ይጨምራል? ይህስ ቅሚያ አይደለምን?» አሉኝ።

የአክስቴ ምስክር ሐሰተኛ አልነበረም። የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት በየካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ እጅግ ወጥቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ብሬንት የሚባለው ዐይነት አንዱ በርሜል ወደ 100 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በጥር መጀመሪያ ግን ወደ 77 ዶላር ወርዶ ነበር። ስለዚህ ከአራት እጅ አንዱ እጅ ያህል ረክሷል ማለት ነው። ዳሩ ግን ምስክሩ የተናገረው በዶላር ነው፤ እኛ የምንከፍለው በብር ነው። ክሱ ሁሉ የተበላሸው በዚህ ላይ ነው።

በወረቀት ላይ እየጻፍሁ ለአክስቴ አሳየኋቸው። አንድ በርሜል 159 ሊትር ይይዛል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አንድ ዶላር በባንክ 52 ብር ገደማ ነበርና፥ 100 ዶላሩን በ52 አባዝተን ለ159 ብናካፍለው የአንዱ ሊትር ድፍድፍ ዋጋ ወደ 33 ብር ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬውን ዋጋ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ግን የብር ዋጋ ስለ ወደቀ፥ በጥር 2017 ዓ.ም. አንድ ዶላር ወደ 125 ብር ደርሶ ነበር። 77ቱን ዶላር በዚህ ብናባዛው አንዱ ሊትር ወደ 60 ብር ይሆናል። በባሕር ማዶ የረከሰው ነገር ወደ እኛ ሲደርስ እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም።

ይህም ገና ድፍድፉ ብቻ ነው። ድፍድፍ በኦቶሞቢል ውስጥ አይገባም፤ መጣራት አለበት። የአሰብ ማጣሪያ ከተዘጋ ወዲህ የነጠረውን ከውጭ እየገዛን በመርከብ ወደ ጅቡቲ እናስመጣለን፤ ከጅቡቲም በበረሃው መንገድ በቦቴ ካሚዮን ተጭኖ ይመጣል። ቦቴውም ራሱ በናፍጣ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ነዳጅን የሚያመጣው ነዳጅ ነው። የማጣሪያው፥ የመርከቡ፥ የወደቡ፥ የቦቴው፥ የቀረጡና የማደያው ድርሻ በዚሁ ላይ ይደመራል።

አክስቴ ይህን ሲሰሙ፥ «እንግዲያስ ያን ጊዜ እንዴት በ47 ብር ተሸጠ?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ ብዙ የተማረ ሰው የማይጠይቀው ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የተቈረጠው የቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ ከዚያ በፊት 36 ብር ከ87 ሳንቲም ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው ከዋጋው ከፊሉን መንግሥት ይሸከም ስለ ነበር ነው። ለዚህ ጕዳይ በ1993 ዓ.ም. በዐዋጅ የቆመ የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ አለ። ዐሳቡ የዮሴፍን ጎተራ ይመስላል፤ ገበያው ሲረክስ ያጠራቅማል፥ ሲወደድ ያወጣል። ነገር ግን የወጪው ዘመን በዝቶ ፈንዱ ብዙ ቢሊዮን ብር ባለ ዕዳ ሆነ። ስለዚህ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ቀስ በቀስ እንዲነሣ ተደረገ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ አንዱ ሊትር ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ዕዳ ያለበት ጎተራ ደግሞ ዓለም ሲረክስ የሚያገኘውን ሁሉ ለማደያው አይለቅም፤ አስቀድሞ የራሱን ቀዳዳ ይደፍናል።

ድፍድፉ ራሱ ስለ ምን ይወጣል፥ ይወርዳል ቢባል፥ ነገሩ እንደ እህል ገበያ ነው፤ ልዩነቱ ገበሬዎቹ ጥቂቶች መሆናቸው ነው። በሰኔ 2006 ዓ.ም. በርሜሉ ወደ 115 ዶላር ነበር። አሜሪካኖች ከድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ነዳጅ ማውጣትን ስለ አበዙ ገበያው ጠገበ። ኦፔክ የሚባለው የነዳጅ ሻጮች ማኅበር በኅዳር 18 ቀን 2007 ዓ.ም. በቪየና ተሰብስቦ ምርቱን አልቀንስም አለ፤ ዋጋውም እየወደቀ ሄዶ በጥር 2008 ዓ.ም. ከ30 ዶላር በታች ደረሰ። በሚያዝያ 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት የሚገዛ ጠፍቶ፥ ማከማቻውም ሊሞላ ተቃርቦ፥ በአሜሪካ ለግንቦት ማስረከቢያ የተዋዋሉት በርሜል ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ወረደ። ይህም ማለት ሻጩ ለገዥው ገንዘብ ጨምሮ «ውሰድልኝ» አለ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን እንኳ በአሜሪካ ማደያ አንድ ጋሎን ቤንዚን ከ1 ዶላር ከ70 ሳንቲም በላይ ይሸጥ ነበር። ድፍድፉ በነጻ ቢሰጥም ማጣሪያው፥ ጫኙና ቀራጩ በነጻ አይሠሩም። የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት ቀረጥ ብቻ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በጋሎን 18 ሳንቲም ተኩል ገደማ ሆኖ ሳይነቃነቅ የቆየ ነው።

በዚያ አገር ባለ ማደያው ዋጋውን ራሱ ስለሚቈርጥ ሌላም ነገር ይታያል፤ የኤኮኖሚ ሊቃውንት መዝነው እንደ ጻፉት፥ የድፍድፉ ዋጋ ሲወጣ የማደያው ዋጋ ፈጥኖ ይከተለዋል፥ ሲወርድ ግን እየዘገየ ይከተለዋል። ሲወጣ በበቅሎ፥ ሲወርድ በእግሩ ነው። በእኛ አገር ግን ዋጋውን የሚቈርጠው መንግሥት እንጂ ባለ ማደያው አይደለምና፥ እርሱን በዚህ መክሰስ አይገባም።

ተከሳሽ ሳይጠየቅ አይፈረድበትምና ባለ ሚኒባሱን አስጠራነው። መጥቶ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ።

«እማማ፥ ከነዳጁ ላይ አንዲት ሳንቲም አላተረፍሁም፤ ጎማውም፥ ዘይቱም፥ መለዋወጫውም በዶላር የሚመጣ ነው» አለ።

«ለደርሶ መልሱ ስንት ሊትር ትጨርሳለህ?» አልሁት።

«25 ሊትር፥ ጋሼ።»

መንገዱ ደርሶ መልስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ቃሉ እውነት መሰለኝ። 25 ሊትር ያን ጊዜ 1,196 ብር ያህል ነበር፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ግን 2,537 ብር ያህል ሆኖ ነበር። ልዩነቱ 1,341 ብር ነው። እርሱ የጨመረው ግን 3,000 ብር ነው። ይህን በነገርሁት ጊዜ አንገቱን አቀረቀረ፤ ስለ ጎማው የተናገረውም ሐሰት አልነበረም። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ በ6,200 ብር ተስማማን።

የጐደለውን 700 ብር ለመሙላት ማኅበርተኞቹ በነፍስ ወከፍ 60 ብር አዋጡ፤ የሁለቱን ድርሻ አክስቴ ከራሳቸው ከፈሉላቸው፥ ይህንም የነገሩኝ ቆይተው ነው። የተረፈው 20 ብር ለጧፍ ሆነ። ዐሥራ ሁለቱም ሄደው በሰላም ተመለሱ።

«ከእንግዲህ ራዲዮኑ ስለ ነዳጅ ሲያወራ አልሰማም፤ ስለ ዶላሩ ሲያወራ ጥራኝ» አሉኝ አክስቴ። ከየካቲት ወር ጀምሮ የማኅበሩ የወር መዋጮ ከ50 ወደ 80 ብር ከፍ ብሏል፤ መዝገቡንም የምጽፈው እኔ ሆኛለሁ።